እትዬ ሀዋ እና በፈረቃ የሚፈሰው ምንጭ

ጋሽ ተፈራ መርዶ እንኳ ሲያረዱ ከአየር ጠባይ ነው የሚጀምሩት። ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ደወሉልኝና የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቁ። ደህና ነው አልኳቸው። ደሴ ግን ብርዱ እንዳልተቻለ ነገሩኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቁ፣ ከዚያ ስለ ታክሲ ወረፋ። ከዚያ በኋላ "እትዬ ሀዋ ሌሊቱን ትንሽ ደከም ብሏቸው ነበር" አሉ። "አሁንስ እንዴት ናቸው?" ብላቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና "አሁንማ... ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው" አሉኝ።

እትዬ ሀዋን የሚያህል ሰው መሞቱን የሰማሁት እንዲህ በዙሪያ ጥምጥም ነው። እሳቸው ራሳቸው ቢደውሉ ኖሮ "ሞቻለሁ፣ ነይ" ብለው ይዘጉት ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ የፋብሪካው በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፈቃድ ጠይቄ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ሀዋ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ለዓመታት ኖሬያለሁ። ለሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፤ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይቀራል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት እቆጣጠር ነበር። ማታ ደሴ ተመልሼም ጥራት እቆጣጠር ነበር፤ እዚያ በደመወዝ፣ እዚህ በእትዬ ሀዋ ትእዛዝ።

እትዬ ሀዋ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ባልቴት ነበሩ። ያላመኑትን ነገር ሁሉ በሌባ ጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ሐብሐብ፣ ዳቦ፣ የባጃጅ ወንበር፣ አንዳንዴም የሰው ግንባር። ንዳድ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ከአጠገቤ ሳይነሱ አጥሚት እያጠጡኝ "ውጣ! የሰው ልጅ ናት፣ ውጣ ብዬሃለሁ!" እያሉ በሽታውን ሲሰድቡት ሰነበቱ። ወጣ። ሐኪም ያዘዘልኝ ክኒን ምስጋና ሳያገኝ ቀረ። "ዕቃም በሽታም እንደ ሰው ነው፣ ካላፈጠጡበት ይንቃል" ይሉ ነበር። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነግሬያለሁ፤ የሚሰጡት ምክር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "አፍጥጪበት።"

የግቢው ኩራት ሽንት ቤቱ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጉድጓድ ላይ ቁጢጥ በሚልበት ዘመን፣ እትዬ ሀዋ ነጭ የሸክላ መቀመጫ ከነውሃ ሳጥኑ ከኮምቦልቻ አስጭነው፣ እንዳይሰበር ራሳቸው የጭነት መኪናው ላይ አቅፈውት ወጡ። ጎረቤት "እንኳን ደስ ያለዎት" ለማለት መጣ። እየገባ አየ፣ እያደነቀ ወጣ፤ አንዳንዱ ጠያቂ ዳቦ ይዞ ነበር። ያ ክብር ነው እንግዲህ አንድ ቀን ማፍሰስ የጀመረው። ወደ ውሃ ሳጥኑ የሚገባው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ላላ፤ ንጹሑ ውሃ ግድግዳ ግድግዳውን ወርዶ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ባለ ስንጥቅ ይገባና መሬት ለመሬት ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ እትዬ ሀዋ አልጠየቁም።

"ባለሙያ እንጥራ" አልኳቸው።

"የምን ባለሙያ?"

"ቧንቧ ሠራተኛ ነዋ።"

"ማን ነው እሱ? የማን ልጅ ነው? ሽንት ቤቴን አይቶ ሲያበቃ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሻይ ሊጠጣበት? ወላሂ አላደርገውም! ገመናውን ለባዳ ያሳየ ቤት፣ ቤት አይደለም ሜዳ ነው።"

ሲያምር ለሰፈር ሁሉ የታየው ነገር፣ ሲያፈስ ገመና ሆነ። ስለዚህ ራሳቸው ሊጠግኑት ተነሱ። የሟች ባለቤታቸውን ፒንሳ ከሳጥን አወጡ። መጋጠሚያው ላይ ቃጫ ጠመጠሙ፣ በቃጫው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አሰሩ፣ በላስቲኩ ላይ ደግሞ የተፈጨ አብሽ በውሃ ለውሰው ለጠፉበት። "አብሽ ለአጥንት ይሆናል እኮ፣ ለብረት የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ?" አሉኝ።

እሱስ ይሁን። ጉዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው። እትዬ ሀዋ ሽንት ቤቱን የሚጠግኑት ውሃ በሌለበት ቀን ብቻ ነበር። እንደ እሳቸው አባባል ደረቅ ሲሆን እጅ አይንሸራተትም፣ ልብስም አይበሰብስም። ጠግነው ሲጨርሱ ቧንቧውን በጣታቸው ያንኳኩና ይጠሩኛል።

"ዘይነብ! የጥራት ሰው አይደለሽ? ነይ እስቲ እዪ። ጠብታ አለ?"

"የለም። ግን ውሃም የለም እኮ እትዬ።"

"የጠየቅሁሽን መልሺ! ጠብታ አለ?"

"የለም።"

"አልሐምዱሊላህ!" ይሉና እጃቸውን ታጥበው ይሰግዳሉ።

የውሃ ተራችን በደረሰ ቀን ያው ማፍሰሱን ይቀጥላል። እሳቸው ደግሞ በዚያ ቀን በርሜልና ጀሪካን ሲሞሉ ነው የሚውሉት። እጃቸውን ይዤ ወስጄ የራሰውን ግድግዳ ሳሳያቸው "ላብ ነው፤ ደሴ እርጥበት አለው" አሉኝ። እያፈሰ ነው ብዬ ድርቅ ስል ግንባሬን በጣታቸው አንኳኩ። "ትናንት የለም ብለሽ መስክረሻል። ዛሬ ምስክርነትሽን ልትበይ ነው?" ፋብሪካ ውስጥ አይቼ ያሳለፍኩትን ልብስ ማንም መልሶብኝ አያውቅም፤ እትዬ ሀዋ ቤት ግን በገዛ ቃሌ ታሰርኩ።

ውሃው የሚሄደው ወደ ጋሽ ተፈራ ነበር። ደሴ ላይ የአንዱ ግቢ ከሌላው ጣሪያ በላይ ነው፤ የጋሽ ተፈራ ቤት ደግሞ ልክ ከእኛ ሽንት ቤት ሥር ነው። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከእትዬ ሀዋ ጋር በአጥር ላይ ሲነጋገሩ ነው ያረጁት። ለፋሲካ ጋሽ ተፈራ ለእትዬ ሀዋ ብለው አንድ በግ በሙስሊም እጅ ያሳርዳሉ፤ ለዒድ እትዬ ሀዋ ለሳቸው ብለው በክርስቲያን እጅ ያሳርዳሉ። ከሁለቱም ቤት የምበላው እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ከጋሽ ተፈራ መኝታ ክፍል ጀርባ፣ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ውሃ መንጨት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ "ውሃችሁን ያዙልኝ፣ ግድግዳዬን እየበላው ነው" ይላል። ጋሽ ተፈራ ግን ቦይ ቆፈሩና ጎመን ተከሉ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ሲያብጥ በባሕር ዛፍ ግንድ ደገፉት። ሰው ሲጠይቃቸው "ምንጭ ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚመጣ" አሉ። ጎመኑ ጉድ ሆነ። በየሳምንቱ አንድ እቅፍ ለእትዬ ሀዋ ይልካሉ፤ እትዬ ሀዋም እየቀረደዱ ይመርቋቸዋል። "እጃቸው ለም ነው። የምንጭ ውሃ የጠጣ ጎመን እንዲህ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ቢሆን ይኸን ጣዕም ከየት ያመጣዋል?" ይሉኝ ነበር። እኔም እበላለሁ። መጣፈጡስ ይጣፍጣል።

ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ የማያውቁት እትዬ ሀዋ ብቻ ናቸው። ክረምቱ እየቀረበ ሲመጣ ግን ፈራሁ። ያ ግድግዳ ከላይ ዝናብ፣ ከታች የእኛ ውሃ ሲጨመርበት አንድ ሌሊት ጋሽ ተፈራ ላይ እንደሚናድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሄጄ ነገርኳቸው።

"ጋሽ ተፈራ፣ ምናለ ቢነግሯቸው? እላይዎ ላይ ይወድቃል እኮ!"

"ምን ብዬ ልንገራቸው ልጄ?"

"ሽንት ቤትዎ ያፈሳል ይበሏቸው።"

ሰውዬው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "ለባልቴት ሴት? ሽንት ቤትዎ ብዬ አፌን ልከፍት? ኧረ ወዲያ፣ ግድግዳው ቢጫነኝ ይሻላል!"

እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ከልባቸው ነው። ሌላ ክፍል ስለሌላቸው አልጋቸውም እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። በዚህ አገር ሰው በይሉኝታ እንደሚደኸይ አውቅ ነበር፤ በይሉኝታ ለመሞት የተዘጋጀ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ተናድጄ ወደ እትዬ ሀዋ ወጣሁና "የጋሽ ተፈራ ምንጭ የእኛ ሽንት ቤት ነው!" ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። አልተቆጡም። በሐዘኔታ አዩኝና "ፋብሪካው አእምሮሽን እያደከመው ነው፤ ትንሽ ተኚ" አሉኝ።

ከዚያ ዋናው የውሃ መስመር ተሰበረ ተባለና ፈረቃው ጭራሽ ቀረ። ለሳምንታት ጠብታ አላየንም። የጋሽ ተፈራም ምንጭ ደረቀ፣ ጎመኑም ጠወለገ። እትዬ ሀዋ ለራሳቸው ባዶ በርሜል ያላዘኑትን ለጋሽ ተፈራ ምንጭ አዘኑ። "ምንጭ የሚደርቀው ሰው ሲቀያየም ነው። ዱዓ ያስፈልገዋል" አሉና የሰፈሩን ሴቶች ሰበሰቡ። ዳቦና ቆሎ ይዘን አንድ እሑድ ወረድን። እትዬ ሀዋ በዚያ ሁሉ የጉርብትና ዘመን ከጋሽ ተፈራ ቤት ጀርባ ዞረው አያውቁም ነበር፤ ባልቴት ብቻውን የሚኖር ወንድ ጓሮ ምን ትሠራለች?

ከደረቀው ቦይ ዳር ተቀመጥን። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ጥግ ላይ ቆሙ። እትዬ ሀዋ እጃቸውን ዘረጉ።

"ያ ረቢ! የዚህን ምስኪን ጎረቤቴን ምንጭ መልስለት!"

"አሚን!" አልን።

"ክፉ ያየበትን ዓይን አንሣለት!"

"አሚን!"

ሦስተኛውን ሊሉ ሲሉ ከላይ ከሰፈሩ "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ሴቶቹ በርሜላቸው ትዝ ብሏቸው ሊነሡ ሲቁነጠነጡ፣ ከግድግዳው ሥር ጉርጉር የሚል ድምፅ መጣና ቦዩ ረጠበ። ከዚያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ፈሰሰ። የሚያውቀውም ሳይቀር እልልታውን አቀለጠው። "ዱዓቸው ሰመረ! የሀዋ ዱዓ መሬት ጠብ አይልም!" ተባለ።

እልል ያላሉት እትዬ ሀዋ ብቻ ነበሩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ውሃውን አዩ፤ ከዚያ ያበጠውን ግድግዳ፣ ከዚያ የባሕር ዛፉን ድጋፍ። ቀና ብለው ሽቅብ ተመለከቱ፤ ሽቅብ ያለው የራሳቸው ሽንት ቤት ጀርባ ነው። ተነሥተው ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። የጭቃ ቁራሽ ተገምሶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

"ጋሽ ተፈራ።"

"አቤት እትዬ።"

"ይህ ምንጭ ከጦሳ ነው ያሉኝ?"

"ከጦሳ ነው።"

"ጦሳም እንደኛ በፈረቃ ነው የሚለቀው?"

ጋሽ ተፈራ መሬት መሬቱን እያዩ "ዘንድሮ በፈረቃ ያልሆነ ምን አለ እትዬ" አሉ።

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ሀዋ አልሳቁም። "የሚተኙት የት ነው?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ተፈራ ግድግዳውን በአገጫቸው ጠቆም አደረጉ። እትዬ ሀዋ ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ዳገቱን ወጡ። ያን ቀን ነው ትከሻቸው ጎብጦ ያየሁት፤ በጣም አሳዘኑኝ።

ሲመሽ ክፍሌ መጡ። "ከኮምቦልቻ ሰው አምጪልኝ። ደሴ ዘመድ የሌለው፣ የቤቱን ባለቤት ስም የማይጠይቅ" አሉ። አመጣሁ። ሰውዬው ገና ከመኪና ሲወርድ ብርዱ አንቀጠቀጠው። እትዬ ሀዋ መሣሪያውን በፌስታል አስጠቅልለው አስገቡትና በር ላይ ቆመው ለሚጠይቅ ሁሉ "የዘይነብ እንግዳ ነው" አሉ። ሽንት ቤታቸው አፈሰ ከሚባል እኔ ወንድ አመጣሁ ቢባል መረጡ። እስካሁን ድረስ ሰፈሩ ውስጥ "ያ የኮምቦልቻው ልጅ ለምን ቀረ?" የሚሉኝ አሉ። ልጁ የአብሹን ልጥፍ ሲያይ "ይኼ ምንድነው? የወጥ ትራፊ ነው?" አለ። "ሥራህን ሥራ!" አሉት። ከመጋጠሚያው ውስጥ ጎሚኒ የምትባለውን ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አውጥቶ በአዲስ ተካ፣ ቆም ብሎ አየ፣ ሄደ። በቃ። ያ ሁሉ ጎመን የበቀለው በእሷ ምክንያት ነበር።

እትዬ ሀዋ ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም፤ ቃሉን የሚያውቁትም አይመስለኝም። በማግሥቱ ጋሽ ተፈራ በር ላይ ቆመው "ዱዓው ላይ በልቤ ስለት ገብቼ ነበር። ምንጩ ከተመለሰ ግድግዳውን በድንጋይ አሠራለሁ ብዬ" አሉ።

"ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣዎ..."

"ስለት ነው! ከአላህ ጋር ሊያጣሉኝ ነው?"

ከአላህ ጋርማ ማን ሰው ያጣላል። ዝናቡ ሳይጠና የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በድንጋይ ተሠራ። ምንጩም ደረቀ፤ ሰፈሩ "ስለቱ ሲደርስ አረፈ" ብሎ ዝም አለ። ጋሽ ተፈራ ጎመን መላካቸውን አልተዉም፤ ከሰኞ ገበያ ገዝተው፣ ሥሩን አፈር አስነክተው ይልካሉ። እትዬ ሀዋም ያውቃሉ፣ ያመሰግናሉ። እኔ ኮምቦልቻ ቤት አግኝቼ እስክለቅ ድረስ እንዲሁ ሲሸዋወዱ ነው የኖሩት። ከዚያ የተሻለ ትዳር እንኳ አላየሁም።

የቀብሩ ዕለት ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ከቢስቲማ የመጡት የእትዬ ሀዋ ታላቅ ወንድም አያ እንድሪስ ምርኩዛቸውን መሬት መታ መታ አደረጉ። ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው።

"እህቴ በዱዓዋ ያፈለቀችውን ምንጭ ያሳየኝ ማን ነው? ወሬው ቢስቲማ ደርሷል። ሳላይ አገሬ አልገባም።"

የሚያውቅ ሁሉ እግሩን ያያል። አንድ ጎረምሳ ተከራይ አጠገቡ ወዳለው ዘንበል ብሎ በእጁ አፉን እየሸፈነ ጀመረ፤ "ምንጭ? ያ እንኳን ሽንት..." እትዬ ሀዋ ዕድሜ ልካቸውን የሸሸጉት ነገር አፈሩ ሳይደርቅ በወንድማቸው ፊት ሊዘረገፍ ነው። ያኔ ጋሽ ተፈራ ተነሡ።

"ምንጩ ሰዓት አለው፤ እንግዳ በመጣ ጊዜም አይቀርም። ጥቂት ይታገሡኝ" አሉና ወጡ።

ወዴት እንደሄዱ ስለጠረጠርኩ ተከተልኳቸው። ሽንት ቤቱ በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። እትዬ ሀዋ በሕይወት ሳሉ ጋሽ ተፈራ አንድም ቀን ያልገቡበት ቤት ነው። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ገብተው በጉልበታቸው ተንበረከኩና በፒንሳ መጋጠሚያውን ማላላት ጀመሩ። የውሃ ተራችን ነበር፤ ፊታቸውና እጅጌያቸው ላይ ተረጨ።

"ጋሽ ተፈራ! ግድግዳዎን እኮ ነው የሚያበላሹት!"

"በር ላይ ቁሚ። ሰው እንዳይገባ" አሉኝ።

አያ እንድሪስን ደግፈን ስናወርዳቸው ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር ውሃው መፍሰስ ጀምሮ ነበር። አጎንበሰው ነኩት፣ ፊታቸውን አራሱ፣ ከኪሳቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ለቢስቲማ ሞሉ። ያ ጎረምሳ ጭምር እጁን ዘረጋ። "ሀዋ! አላህ ቀብርሽን ያብራው!" አሉ አያ እንድሪስ።

"አሜን" አሉ ጋሽ ተፈራ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ጠጋ ብዬ "ልውጣና ላጥብቀው?" አልኳቸው።

"ተይው" አሉኝ። "ለቅሶው እስኪያልቅ ይፍሰስ።"